አልቻለም ያልኩበት የውርጭ ወራት

ኅዳር 4

የኔታ ገብረ ጻድቅ «ቁጣህን ለሰው ከምትሰጥ ለወረቀት ስጥ» ስላሉኝ ይኸው ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት ማኅሌት ላይ ዜማ ያበላሸ ዲያቆን ላይ መጮኼ አንኮበር ድረስ እንዴት እንደ ደረሳቸው አላውቅም። የኔታ ቅኔውንም መጻሕፍቱንም ያስተማሩኝ አባቴ ናቸውና እምቢ አይባሉም። በዚህ ዕድሜው የቁጣ ደብተር የያዘ ቄስ ግን በሸዋ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዛሬ አልተቆጣሁም። አዲሲቱ የንስሐ ልጄ ፋና ቤት ጠበል ረጨሁ። ከእነዋሪ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቀጠረች ናት። ከአምስት ዓመት ልጇ ከቃለአብ ጋር ወይዘሮ ጌጤ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። የልጁ አባት ገና ነፍሰ ጡር ሳለች ደብረ ሲና ላይ የጭነት መኪና ተሳፍሮ እንደ ሄደ ነገረችኝ፤ ሳትማረር ነው የነገረችኝ። ክፍሏ ንጹሕ ነው፤ ብርዱ ግን አይጣል ነው! እዚሁ ውርጭ ላይ ያደግኩት ሰውዬ ጋቢዬን ደጋግሜ ሰበሰብኩ። ለካ የመስኮቱ አንዱ መስተዋት የለም። አልጋ ሥር ያገኘሁትን ማዳበሪያ ጠቅልዬ ወተፍኩበት፤ ዳር ዳሩንም በፌስታል አጠበቅኩት። ቃለአብ «አባ መስኮቱን አጎረሱት!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ጠበሉን ረጭቼ ስጨርስ «እንግዲህ ብርድም ክፉም አይገባባችሁም» ብያቸው ወጣሁ።

ኅዳር 7

አመዳዩ የቤተ ክርስቲያኑን ሣር አነጣው። ባጃጁ እያየኝ ሳያሳፍረኝ አለፈ። ተቆጣሁ። ለወረቀት ሰጠሁ። የኔታ ይዩልኝ።

ኅዳር 9

ቃለአብ ሞተ።

ከሰል ነው። ማታ ሽሮዋን ሠርታ ስትጨርስ ልጁ እንዲሞቀው ብላ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባችው። ጠዋት በሩ አልከፈት ሲል ወይዘሮ ጌጤ ጎረቤት ጠርታ አሰበረችው። ፋና ትተነፍስ ነበር። እሱ አይተነፍስም።

ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ገና አልነገሯትም። ስታየኝ አወቀች።

ጠበሉን ከረጨሁ ሳምንት እንኳ አልሞላው። ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር 10

ቀበርነው። የሕፃን ሣጥን ሰው አያደክምም፤ አጎቷ ብቻውን ተሸከመው። ፋናን ከሆስፒታል ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧት። አላለቀሰችም። ፍትሐቱን ስደርስ ድምፄ ሁለት ጊዜ ተቆረጠና ዲያቆኑ ቀጠለልኝ፤ ያው የጮኽኩበት ዲያቆን ነው። ከመቃብሩ ስትመለስ ሰው ሁሉ በየተራ ጆሮዋ ሥር «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይላታል። እኔም አልኩ። ከልማድ አልኩት።

ኅዳር 11፣ ሌሊት

ዛሬ ሠልስቱ ነበር። የሆነውን እንደ ሆነ ልጻፈው፤ ነገ ሰው ሌላ አድርጎ ያወራዋልና።

ድንኳኑ ሞልቷል። ፋና ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አክስቷ ከእነዋሪ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ጉርሻ ይዘው «ልጄ፣ አንዲት ብቻ፤ አምላክ የወደደውን አይጣሉትም» ሲሏት ፋና ቀና አለች። ጮኻ አልተናገረችም። «ፈቃዱ ነው አላችሁኝ» አለች። «ፈቃዱ ከሆነ በእኔ እጅ ነው የሠራው። ምድጃውን አንስቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሌላ እጅ አጥቶ ነው? እንግዲህ እኔን እናቱን ገዳይ አድርጎ ከሆነ፣ ልብላ ወይስ ልሙት?»

ሁሉም እኔን አየ። ለዚህ ነገር የተማርኩት መልስ ሞልቶኛል፤ አንዱም ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከዚያ የወጣው ሌላ ነው። «ፈቃዱ አልነበረም» አልኩ። «ማንም ፈቃዱ ነው አይበልሽ። ቢችል ኖሮ ልጅሽን ከዚያ ቤት ያወጣው ነበር። አልቻለም። አብሮሽ ያለቅሳል እንጂ፣ ያን ሌሊት አልቻለም።»

አክስቷ አማተቡ። ከኋላ አንዱ ሳለ። ፋና ግን ትኩር ብላ አየችኝና ውኃ ጠየቀች። ጠጣች። ከዚያ አክስቷ የያዙላትን ጉርሻ ትታ ራሷ ከትሪው አንስታ በላች፤ ደገመች። ያን ጊዜ አለቀሰች።

አሁን ቤቴ ተቀምጬ ያልኩትን አገላብጣለሁ። አላፍርበትም። እግዚአብሔር እሳትን እሳት አድርጎ ሠርቶ ሰጠን። የሰጠውን በየሌሊቱ እየዞረ ቢነጥቅ ሰጪ ምን ይባላል? ከሰል የእናትን ልብ አይቶ አይለይም፤ ማወቅ አልተሰጠውም። ለዓለም ሥርዓት ሰጥቶ እጁን ሰበሰበ፤ የሰበሰበውን እጅ አይዘረጋም። እኔ የማምነው ይህን ነው። ከዚህ በፊት አምኜው ባላውቅም ዛሬ አምኜዋለሁ።

ደመቀች «መስኮቱን ዝጋው፣ ብርዱ ገደለን» ትለኛለች። ባለቤቴ ብርድ አትችልም። ንጹሕ አየር ግን ለጤና ጥሩ ነው።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ደመቀች ድንኳን ውስጥ ያልኩትን ከሦስት ጎረቤት ሰምታ መጣች፤ ሦስቱም የተለያየ ነው። አንዷ «ቄሱ እግዚአብሔር የለም አለ» ብላታለች። ደመቀች ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «አይ አንተ ሰውዬ፣ አንደበትህ ከመቋሚያህ ይረዝማል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችኝ።

ወለምታ አይደለም አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እውነት ነው አልኳት። ሽሮውን ማማሰል ቀጠለች።

ኅዳር 18

ፋና ሥራ ገብታለች። ስትመለስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ታልፋለች፤ ቅጥሩን ተሳልማ ትቆማለች፣ ወደ ውስጥ አትገባም። ለምን እንደማትገባ ጠየቅኳት። «በእጄ ሰው ሞቶ እንዴት እገባለሁ» አለች። «አባ፣ ቀኖና ይስጡኝ። ስግደቱንም ጾሙንም ያብዙልኝ።»

ቀኖና ለኃጢአት ነው፤ አንቺ ኃጢአት አልሠራሽም አልኳት።

«ምን ሠራሁ ታዲያ?»

ምንም አልሠራሽም፤ ከሰል ነው አልኩ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። መስቀል ተሳልማ ሄደች፤ ግን እየበላች ነው። ፊቷ መለስ ብሏል። ይህን ያየ ሰው ቃሌን ሊነቅፍ አይችልም።

ኅዳር 22

ወይዘሮ ጌጤ ገበያ ላይ ያዘችኝ። ስትገናኘኝ ሁሌ ከሐኪም የሰማችው አዲስ ነገር አላት። «ሐኪሙ ምን አለ መሰልዎት አባ፤ ትንሽ ቀዳዳ፣ የእጅ መዳፍ እንኳ የምታህል ቢኖር ይተርፍ ነበር አለ። ያ መስኮት እኮ ስንት ጊዜ መስተዋት አስገባለሁ እያልኩ…» አለችና አየችኝ።

ቸኩዬ ነበር። ሰላም ብያት ሄድኩ። ወይዘሮ ጌጤ ደግ ሴት ናት፤ ወሬ ግን ታበዛለች።

ደመቀች ሁለተኛ ብርድ ልብስ አወጣች። «ወይ መስኮቱን ዝጋ፣ ወይ እኔ እናቴ ቤት ልሂድ» ትላለች። ዘጋሁት። እሷ ስትተኛ ተነሥቼ ከፈትኩት።

ኅዳር 26

የደብራችን አለቃ፣ አለቃ ኤርሚያስ፣ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ ጠሩኝ። ጸሐፊው ዮናስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ቪዲዮ አሳየኝ። ሠልስት ድንኳን ውስጥ አንዱ ቀርጾኝ ኖሯል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያላየው የለም አለ። ራሴን አየሁት። «አልቻለም» ስል ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ጽኑ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አለቃ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። «ጌታ በገዛ አገሩ፣ በዘመዶቹ መካከል ተአምር ማድረግ እንዳልቻለ ተጽፎ የለም ወይ?» ብዬ ተከራከርኳቸው።

«በዚያ ያልቻለው ስላላመኑበት ነው» አሉኝ። «የአምስት ዓመት ልጅ ምን አላመነም ልትለኝ ነው?»

«በልታለች» አልኩ።

«ምን?»

«እህል። ያን ቃል ከሰማች በኋላ እህል በላች። ከዚያ በፊት ልትሞት ነበር።»

አለቃ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይህ አይጠፋኝም፤ ለእሷ ደግ አድርገህ ይሆናል። ግን ደጃፋችን ላይ ስንት ሰው እንደሚወድቅ ታያለህ። ልጁ ዘመቻ የሄደባት አለች፣ ካንሰር የያዘው አለ። ነገ ምን ብሎ ይለምን? ላልቻለ ማን ደጅ ይጠናል?»

ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሕዝቡ ፊት ቃሌን እንድመልስ ተወሰነ። ካልመለስኩ ከመቅደስ እታገዳለሁ፤ ነገሩም ወደ ሀገረ ስብከት ይሄዳል። ዮናስ የማነበውን ጽፎ ይልክልኛል። ቅዳሴ ካልቀደስኩ እኔ ምንድን ነኝ? ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

መቀደሱ ግን አይደለም ያስጨነቀኝ። ቃሉን ስመልስ ፋና ትሰማለች። በሕዝብ ፊት «ይችል ነበር» ባልኩ ቁጥር «እንግዲያው ፈቃዱ ነበር» ብላ ወደዚያ ድንኳን ትመለሳለች። ጉርሻውን አስቀምጣ ትመለሳለች።

ኅዳር 29

ተቆጥቻለሁ። በማን እንደ ተቆጣሁ አላውቅም። በዮናስ ይሁን።

ታኅሣሥ 2

ፋና ዛሬ ለፋብሪካ ጓደኞቿ ሻይ ቤት ውስጥ ስትናገር ደመቀች ሰምታታለች፤ «የእኔ አምላክ አብሮኝ ያለቅሳል፣ አልቻለምና» አለች። አንዷ ልጇን የቀበረች ሴት እጇን ይዛ አለቀሰች። ደመቀች ይህን ስትነግረኝ ማሾፏን ትታለች። «ይህችን ልጅ በዚያች አንዲት ቃልህ ነው የያዝካት» አለችኝ። «ብትነጥቃት ምን ትይዛለች?»

እኔም እሱን ነው የምለው።

ታኅሣሥ 6፣ አንኮበር፣ የኔታ ቤት

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ስለ ተከፈተ የኔታ ዘንድ መጣሁ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቶ ሰው በድምፁ ነው የሚለዩት። ተማሪዎቻቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ቅኔ ይቆጥራሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እኔም ሴት ልጄ ስትሞትብኝ 'አልቻለም' ብዬ ነበር» አሉ። «ለሰው አልተናገርኩትም እንጂ ሁለት ክረምት አደርኩበት። ደግ መጠለያ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው ብቻ፤ ጎንበስ ብለህ እስካለህ አይነካህም።»

«ታዲያ የኔታ፣ ይችል ነበር ብለው እንዴት ኖሩ?»

«ማን ኖርኩ አለህ? እየተጣላሁ ከረምኩ።» ሳቁ። ከዚያ «ክፍሏ መስኮት የለውም ኖሯል?» አሉኝ።

አለው አልኩ።

«ታዲያ?»

ብርድ ነበር፤ ተደፍኖ ነበር አልኩ። ማን እንደ ደፈነው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።

እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። «ያንን ቃል ለማን ብለህ ተናገርከው? ለእሷ ነው ለራስህ?»

ለእሷ አልኩ። ፈጥኜ ነው የመለስኩት።

«እንግዲያስ እሷን ጠይቃት። እኔን ዕውሩን ሽማግሌ ምን ትጠይቀኛለህ? ደግሞ ቀኖና ለምናህ ነበር ብለሃል። ለምን ከለከልካት?»

ኃጢአት ስለሌለባት አልኩ።

«ሰው የሚሸከመውን በእጁ ካልሰጡት እንዴት ያወርደዋል? አንተ እኮ ሸክሟን ደብቀህ ነው 'ባዶ ነሽ' ያልካት።»

ተቆጣሁ። በየኔታ ተቆጥቼ አላውቅም ነበር። ማዕድ ቀርቦ ሳለ «መንገድ ይመሽብኛል» ብዬ ተነሣሁ፤ መኪና ግን አልነበረምና ተመልሼ ገባሁ። እሳቸው እንዳልተነሣሁ ቆጥረው አጎረሱኝ። ስጎርስ የቃለአብ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ፤ ከገደሉ በታች ያለው ቆላ በጉም ተሸፍኗል።

ታኅሣሥ 10

ዮናስ የሚነበበውን ላከ። ንጹሕ ጽሑፍ ነው። ምንም ስሕተት የለበትም። ልቀደው ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ 13

ቅዳሴ ላይ «ሁሉን የያዘ» ስል ተደናቀፍኩ። ማንም አላወቀም። እኔ አወቅኩ። ሙሉ ዕድሜዬን ያልኩት ቃል ነው።

ማታ ደመቀች ነቅታ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ አገኘችኝ። «ምን ሆነሃል?» አለች። ምንም አልኩ። ጋቢዋን ደርባልኝ አጠገቤ ቆመች። መስኮቱን ዝጋ አላለችኝም። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለሰው ጊዜ ነው እንጂ ለሚስት አይሆንም፤ ታውቃለች ብዬ አስባለሁ። ምኑን እንደምታውቅ ግን አልጠየቅኳትም።

ታኅሣሥ 16

ለገብርኤል ሦስት ቀን ቀረው። ፋና ለአርባው እህል አስፈጭታለች። ዛሬም ቅጥሩ ጋ ቆማ አየኋት። ጎንበስ ብላ ነበር የቆመችው። የኔታ ያሉት ጣሪያ ትዝ አለኝ፤ ወዲያው ራሴን ገሠጽኩ፣ ሰው ሲጸልይ ጎንበስ ይላል።

ታኅሣሥ 18፣ ሌሊት

አርባው ከገብርኤል ዋዜማ ጋር ገጠመ። ወይዘሮ ጌጤ ግቢ ጸሎት አድርሰን ሰው በላ። የጾም ነው፤ ምስርና ንፍሮ። ሰው ሲሳሳ ፋናን ለብቻዋ አግኝቼ የኔታ ያዘዙኝን ጠየቅኳት። ነገ ቃልህን መልስ ብለውኛል፤ ካልሽ እምቢ እላለሁ፤ ቢያግዱኝም ያግዱኝ አልኳት። ይህን ስል ልቤ ሞልቶ ነበር። እሷን ላድናት ነው መስሎኝ ራሴን ወደድኩት።

ፋና ሰሃን እያጠበች ነበር። እጇን አደረቀች።

«አባ፣ ያን ቀን ቃልዎ ባይኖር ዛሬ አልኖርም ነበር። ይህን አልረሳውም» አለች። «ግን ከሰነበተ ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። አልጠይቅዎትም ብዬ ነበር።»

ጠይቂ አልኳት።

«ያን ሌሊት ካልቻለ፣ አሁን ልጄን ማን ይዞልኛል?»

አልገባኝም አልኳት። ገብቶኝ ነበር።

«በነፍሱ አብርሃም እቅፍ ነው ብለው ቀበሩልኝ። ከዚህ ከሰል ጭስ ያላስጣለው፣ ከሞት ምን ጉልበት ኖሮት ያስጥለዋል? በትንሣኤ አገኘዋለሁ ብዬ ነው የምነሣው ጠዋት። እጁ ያጠረ ከሆነ ያ ቀንስ ይመጣል ወይ?»

ለአለቃ መልስ ነበረኝ፣ ለየኔታም ነበረኝ። ለእሷ አንድ ቃል አጣሁ። ሰሃኑን አንሥታ አየችው፤ ንጹሕ ነበር፣ ደግማ አጠበችው። «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔ አላውቅም። ነገ እውነቱን ይናገሩ። ለእኔ ብለው ግን አይዋሹ» አለችኝ።

ዋዜማው እየተቆመ ነው፤ ከበሮው እስከዚህ ይሰማል። መሄድ ነበረብኝ። የትኛው ነው ውሸቱ? ሠልስት ላይ ያልኩት ነው፣ ወይስ ነገ የምለው? አርባ ቀን ሙሉ የእሷን ሸክም ያቀለልኩ መስሎኝ የማንን ሳቀልል ኖሬ ነው?

ሄጄ ልቁም።

ታኅሣሥ 19

ታቦቱ ወጥቶ ዞረ። ሕፃናቱ ከእሳት ስለ ወጡት ሦስት ልጆች ዘመሩ፣ በነጭ ልብስ፣ እሳት ተብሎ ቀይ ወረቀት በተለጠፈበት ካርቶን ዙሪያ። ፋና ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሰማለች። ዓይኔን ከእሷ ላይ ማንሣት አቃተኝ። መዝሙሩ ረጅም ነው፤ ሁሉንም ስንኝ ሰማች።

ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ኤርሚያስ ወደ ፊት አወጡኝ። ዮናስ ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ፤ ብዙ ስልክ ተነሣ። ወረቀቱን አንብቤ «ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም» እስከሚለው ደረስኩ። እዚያ ላይ ዝቅ አደረግኩት።

«ይችል ነበር» አልኩ። «ያን ሌሊት ያንን ልጅ ማውጣት ይችል ነበር። አልቻለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ለምን እንዳላወጣው ግን አላውቅም። ፈቃዱ ነው የሚላችሁም አያውቅም። አውቃለሁ ብዬ የተናገርኩትን ሁሉ ይቅር በሉኝ።»

አለቃ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የመጨረሻው በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ግን አላቋረጡኝም። ሕዝቡ «ይቅር ይበለን» አለ። አንዳንዱ እልል ሊል ጀምሮ ተወው።

ፋና በሰዉ መካከል መጣች። ከኅዳር ወዲህ ከቅጥሩ ወደ ውስጥ ስትገባ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ሰው መንገድ ሰጣት። ፊት ለፊቴ ቆመች። መስቀሌን ዘረጋሁላት፤ አልተሳለመችውም።

«ይችል ነበር ማለት ነው?» አለች።

«ይችል ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት አባ?»

ትወድቃለች ብዬ ፈርቼ እጄን አዘጋጅቼ ነበር። «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት።

«ልጄንም ይዞታል?»

«ይዞታል።»

ነጠላዋን አጣፋች። «እንግዲያው የምጣላው አለኝ» አለች።

ጫማዋን አውልቃ ደረጃውን ወጣችና ገባች። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ውስጥ የቀሩት ጥቂት አሮጊቶች ነበሩ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። የልጇን ስም ጠራች። «ለምን?» አለች፤ ደገመች። እንደ ሙሾ አይደለም። ከቤተሰቧ ሰው ጋር ፊት ለፊት እንደምትሟገት ነው፤ «እያየህ!» ትላለች፣ «አልጋው ድረስ እየመጣህ እያየህ!»

አንዲት መነኵሲት ዝም ልታሰኛት ተነሥታ ገባች። አለቃ ኤርሚያስ በበሩ መቋሚያቸውን ዘርግተው አስቆሟት። «ተያት» አሉ።

ሰዉ ቀስ በቀስ ወደየቤቱ ሄደ። ዮናስ ድምፅ ማጉያውን ጠቀለለ። ደመቀች መጥታ እንሂድ አለችኝ፤ ቅደሚ አልኳት።

ፋና ገና አልጨረሰችም ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔም ስለዚያ መስኮት የምለው ነበረኝ፤ ተራዬን ጠበቅኩ።